የሉዋ ምላስ

ሜኮንግ ባሕር ሊገባ ሲል፥ ዘጠኝ ቦታ በሚሰነጠቅበት፣
መሬቱ ከውሃው አንድ ክንድ እንኳ በማይበልጥበት፣
ሉዋ የምትባል ባልቴት አለች፤
አርባ ዓመት ሙሉ ወንዝ ስትቀምስ የኖረች።

ጎህ ሲቀድ ወርዳ ከውሃው በር ዳር፣
ጣቷን ነክራ፥ በምላሷ ጫፍ፥ ዓይኗን ጨፍና ስትመረምር፣
«ዝጉ» ካለች መንደሩ ይዘጋል፤
«ክፈቱ» ካለች ውሃው ወደ ሩዙ ይነጉዳል።
መሣሪያ አልነበራት፥ ሚዛን አልነበራት፤
ጨው ልኩን ያውቅ ነበር፥ እሷን ስለፈራት።

ክረምት ለሩዝ ነው፤ ዝናብ ወርዶ አፈሩን ሲያጥበው፣
በጋ ለሽሪምፕ፤ ባሕር ሽቅብ መጥቶ ማሳውን ሲሞላው።
የሩዙ ገለባ በስብሶ ለሽሪምፑ ጉርሻ፣
የሽሪምፑ ኩስ ደግሞ ለሚመጣው ቡቃያ መነሻ።
መርዝ አይረጭም እዚህ፤ የረጨ ሰው ቢኖር፣
ግማሽ ዓመት በልቶ፥ ግማሹን በጾመ ነበር።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይላል ሰው፤
እዚህ ግን ለራሱ ሲል ራቅ ይበል፥ ቡቃያውን እንዳይነካው።

ከዚያ ያ ትኩሳት መጣ፥ ዓለም በሯን የዘጋችለት፤
ሉዋን አልገደላትም፤ ጣዕም ግን ወሰደባት።
የዓሣው መረቅ እንደ ውሃ፥ ቃሪያው እንደ ጭራሮ፣
ወንዙም በአፏ አለፈ፥ ስሙን ሳይናገር ዘንድሮ።

የዚያን ዓመት መጣሁ፥ እኔ የቁጥር ልጅ፣
ሠላሳ ሰባት መለኪያ በጀልባ ጭኜ፥ ከካንቶ ኮሌጅ።
በየውሃው በር ቢጫ ተንሳፋፊ፥ ባናቱ የፀሐይ ሰሌዳ፣
በየሩብ ሰዓቱ ለስልክ የሚልክ የጨውን ዕዳ።
«በሊትር ከሁለት ግራም ካለፈ በሩ ይዘጋ» አልኩ።
ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን ሳጥኑን ዞራ ዞራ አየችና፣
«ምላሱ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።
አሳየኋት፤ ከሥር ያለችውን፥ አውራ ጣት የምታህል የብረት ዘንግ።
«ታሳዝናለች» አለች።

ሁለት ክረምት ሠራች። በሦስተኛው፥ በኅዳር እኩሌታ፣
ስልኬ ጮኸ ሌሊት፥ በሙሉ ጨረቃ ጸጥታ።
«ያንተ ሳጥን አንድ ግራም ይላል፤ ሩዙ ጠምቶታል፤ ሃው ሊከፍት ነው።
እኔ ግን ሸርጣኖቹን አየሁ፤ ግንዱን ይዘው ወደ ላይ እየወጡ ነው።»
«ሸርጣን ቁጥር አያውቅም» አልኳት። እንቅልፍ ነው ያናገረኝ።
«እስኪነጋ ብቻ» አለች፤ ዝም ብላ ጠበቀችኝ።

ጎህ ሳይቀድ ደረስኩ። ሳጥኑን አብረን ጎትተን አወጣን፤
ዘንጓን ዛጎልና አረንጓዴ ለሃጭ ለብሳ አገኘን።
የመለኪያዬ ምላስ ጣዕም ጠፍቶበታል፤
ሉዋ ሳቀች፤ «ውይ ልጄን፥ የኔው በሽታ ይዞታል!»
ከብብቷ ሥር አወጣች አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣
ፈተገቻት በቀስታ፥ እንደ ሕፃን ድድ፥ «አይዞሽ» እያለች፥ «አይዞሽ»።
መልሰን ከተትናት። ሩብ ሰዓት። ስልኩ አበራ፦ ስድስት ነጥብ አራት።
ሃው እጁን ከበሩ እጀታ አነሳ፤ ቀና ብሎ ማየት አፈረ፥ የናቱን ፊት።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ዓርብ ዓርብ ጠዋት፣
ሁለት ብሩሽ ይዛ ትወርዳለች፤ አንዱ ለራሷ፥ አንዱ ለብረት።
እኔም መመሪያዬ ላይ፥ ገጽ ዘጠኝ፥ በእጄ ጻፍኩበት፦
«ከሁሉ በፊት ሸርጣኑን እዩ»። አለቃዬ ሰረዘው። መልሼ ጻፍኩት።

በጥር አዝመራው ገባ። ጠሩኝ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፤
አዲሱ ሩዝ እየጨሰ፥ ከዚያው ማሳ ሽሪምፕ ጋር ቀረበልን።
ሉዋ ጎርሳ ዝም አለች፤ ለረጅም ጊዜ አላመጠች፤
ወደ ልጅ ልጇ ወደ ቶዋን ዞራ፥ «ምን ምን ይላል?» አለች።
ቤቱ ጸጥ አለ። የስድስት ዓመት ልጅ፥ አፉን እንደሞላ፥ አሰበ፥ አሰበና፣
«አያቴ» አለ፤ «ጨው ያንሰዋል።»

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንባዋ በጉንጯ ወርዶ፣
ከንፈሯ ጥግ ደረሰ፥ እንደ ባሕር በክፍት በር ነጉዶ።
በምላሷ ጫፍ ነካችው።
ዓይኗን ጨፈነች፥ እንደ ድሮዋ።
ስንት እንደሆነ አልነገረችንም።