ከክቡ ውጪ

ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
ሜዳ የሚሉት አለ፣ ግማሹ ጠጠር ግማሹ ገለባ።
«አምና ጤፍ ነበረበት» ይላሉ ዘበኛው ጋሽ ድሪባ።
ዘንድሮ ስልሳ ሁለት ልጅ፣ አንድ ኳስ፣ እና እኔ፣
የተውሶ ፊሽካ አንገቴ ላይ፣ የልምምድ ፎርም በጎኔ።

ዕቅዴን በማስመሪያ አስምሬዋለሁ፣
ዓላማውን በቀይ፣ ሰዓቱን በሰማያዊ ጽፌዋለሁ፦
ማሟሟቅ አምስት ደቂቃ፣
ዋናው ክፍል ሠላሳ ደቂቃ፣
ማቀዝቀዝ አምስት፣ በቃ።

ኮሌጅ የተማርኩትም አልጠፋኝም፤ በቃሌ ይወጣል፦
ሰውነት ምን ያደርጋል? የት ይሄዳል?
በምን ጉልበት? ከማን ጋር ይጓዛል?
አራቱን ጥያቄ ለፈተና ሸምድጄ፣
ወረቀቱ ላይ ጽፌ፣ ወረቀቱ ላይ ትቼ ሄጄ።

ከበሩ አጠገብ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው
መምህርት ዝማም ያዩኛል፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው።
እጃቸው ላይ ሰዓት አለ፤ እኔን የሚለኩ መሰለኝ፣
ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ፊሽካ። ክብ ሠሩ። ኳሱ የነካው ይወጣል።
ደንቡ ይኸው ነው፤ ያደግንበት ነው፤ ማን ይስተዋል?

የመጀመሪያው ውርወራ ሲፈንን አገኛት፣
ሲፈን፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የእህቷ ጫማ የሰፋት።
እጄን ወደ ግንቡ ጠቆምኩ፣
«ውጪ!» አልኩ፣ ወደ ጨዋታዬ ተመለስኩ።

እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! አቧራው ሲጨስ፣
አቤኔዘር ሲታጠፍ፣ ሲዘል፣ ሲመለስ፤
ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ከአጥሩ ማዶ ቆመው
«በርታ አንተ!» አሉት፣ ጡሩምባቸውን ነፍተው።
እኔም ኮራሁ። ልቤ አበጠ።
ክቡ አንድ ባንድ ሳሳ፣ ቀለጠ፣
የመጨረሻው ልጅ እጁን ሰቅሎ ሜዳውን ሮጠ።

መምህርት ዝማም ተነሡ። ቀሚሳቸውን አራገፉ።
ስለ ዕቅዴም፣ ስለ ፊሽካዬም አንድ ቃል አልጻፉ።
ሰዓቱን ብቻ ዘረጉልኝ።
«ያቺን ልጅ ስለካ ነበር» አሉኝ።
«ከሠላሳው ደቂቃህ ሃምሳ ሰከንድ ተንቀሳቀሰች፤
የቀረውን ቆመች።
ዛሬ ያየሁት ሩጫ
ትምህርት አይደለም ልጄ፤ የቡድን ምርጫ።»

ግንቡን ያኔ አየሁት።
ሲፈን በጫማዋ ጫፍ አቧራው ላይ ቤት ሠርታ፣
በር አበጅታለት፣ መስኮት አውጥታ፣
የሚገባበት ሰው አጥታ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ፈጣን ነበርኩ።
ግንብ ሥር ቆሜ አላውቅም፤ ማን እንደቆመም አልጠየቅኩ።
አሁን ፊታቸው ይመጣል፤ ስማቸውን ከየት ላምጣው?
አንዱ ብቻ፣ ወሰንየለህ መሰለኝ፣ ሹራባችንን ያዢው።

ያን ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ መብራት
አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ጠቀጠቅኩ፣ አሥራ አራት።
ሲነጋ ከግንበኞች ጀሶ ለመንኩ፣
አንዱን ክብ አምስት አደረግኩ።
ደንቡንም ለወጥኩ፦ የተነካ አይወጣም፣ ይሻገራል፤
ካንዱ ክብ ወደ ሌላው፣ እየዘለለ ይሁን እየዳኸ፣ እንዳሻው ይጓዛል።
አቤኔዘር አኮረፈ። «ታዲያ ማን በለጠ?» አለኝ።
ዝም አልኩ፤ እስካሁንም መልስ የለኝ።

በመጀመሪያው ውርወራ፣ ያው፣ ሲፈን ተነካች፤
በልማዷ ወደ ግንቡ ሦስት እርምጃ ተራመደች፤
ደንቡ ትዝ ሲላት ቆመች።
ከዚያ ሰፊ ጫማዋን አውልቃ ግንቡ ሥር አስቀመጠች፣
እሷን ተክቶ ይቁም ብላ መሰለኝ፣
ሁለተኛው ክብ ውስጥ ዘላ ገባች።

ፈጣን አልሆነችም። ኳስ አልያዘችም። ሰባቴ ተነካች።
ሰባቴ ተሻገረች።

ጋሽ ድሪባ ደወሉን ሲመቱ ፎርሙን አወጣሁ፤
«ግምገማ» ከሚለው ፊት ብዙ ቆየሁ።
መምህርት ዝማም ዛሬ አልመጡም፤ የሚያነብልኝ የለም፤
በእጄ የቀረውም ቀይ ብቻ ነው፣ አልቋል ሰማያዊው ቀለም።
የመስመሩ ቦታ ጠባብ ናት፣
ይህን ብቻ ጻፍኩባት፦
«ሲፈንን አላባት።»