ካባ ሰፊው ሲያስተዋውቅ

ፍሪታውን ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ያወራል፣
ጄኔሬተር ደግሞ ከጓሮ ይጣራል።
ጠበቆቹ ሁሉ ለሹመቱ መጥተው፣
ከአዳራሹ ሞልተው፣ ካባ ለካባ ታክከው፣
ነጩን ዊግ ደፍተዋል፣ የፈረስ ጭራውን፣
በፕሮግራም ወረቀት ሲያራግቡ ፊታቸውን።

አስተዋዋቂው ዳኛ ሉንጊ ማዶ ቀረ፣
ማዕበል ተነሥቶ ጀልባው ስለታሰረ።
«ታዲያ ማን ያውቀናል?» ብላ ስትጣራ
ሊቀመንበሯ፣ አንዱ አለ ከኋላ በተራ፦
«ልካችንን የሚያውቅ ፓ ላንሳና ይጠራ!»

«ሰፊ ነኝ እንጂ እኔ ሕግ ዐዋቂ አይደለሁ፣
ኪሲ መንገድ ዳር ላይ ሠላሳ ዓመት ሰፋሁ፣
ትከሻና ብብት፣ ወገብ እየለካሁ።
ሰው ባፉ ይዋሻል፤ በልኩ ግን የለም፤
ክንድ ካጠረ አጠረ፣ ይግባኝ አይባልም።

ይቺ ኢያሚዴ ናት፣ አዲሷ ሊቀመንበር፤
ካባዋ ያባቷ፣ ከሱም በፊት ያጎቱ ነበር።
ብብቱን ስድስቴ ጠቅሜዋለሁ እኔ፤
‹አዲስ ልስፋልሽ› ስል፣ ‹ተው› ትለኛለች፣ ‹ወገኔ፣
ይሄ ካባ ነገር ሰምቷል ከኔ በላይ፣
ጨርቁን ለውጬ እንግዲህ እንደ ጀማሪ ልታይ?›
ስትቆጣ አትጮኽም፤ እጅጌ ታጥፋለች፤
ሦስተኛው እጥፋት ላይ ሐሰት ትሞታለች።

ምክትሉን አላውቀው፤ ኬነማ ነው ያለው፤
ልኩን በስልክ ላከ፤ ገና ጥቁር ጨርቅ ነው።

ገንዘብ ያዥዋን ልንገር፦ ቦንቱራቢ ሴሳይ፤
ቁመቷ እስከ ደረቴ፣ ሳቋ እስከ ሰማይ።
ከካባችሁ ጀርባ ያቺን ትንሽ ኪስ ታውቃላችሁ፣
ጥንት ደንበኛ ሳንቲም ጣል የሚያደርግላችሁ፣
እንዳታዩት፣ ዋጋ እንዳትጠይቁ አፍራችሁ።
የሁላችሁም ጌጥ ነው፣ አፉ የተሰፋ፤
የሷን ግን ፈታሁት፣ ‹ክፈት› አለች በይፋ።
ሊታጠብ ሲመጣ ስፈትሽ አንድ ማታ፣
አንድ የኮላ ፍሬ፣ ሳንቲም፣ የዓሣ ሽታ፤
ደመወዟ ይኼው ነው፣ የገበያ ውለታ።
ለድኻ ክፍት ኪስ ነው፤ መዋጮ ላልከፈለ
ግን፣ እሱን አያርገኝ፣ ወየው ያልታደለ!

የጀማሪዎች ተጠሪ፣ ያቺ ዳር ያለችው ጄቤ፣
ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ካባ ገዙ በዱቤ፤
ችሎት ያለው ይለብሳል። የሦስቱን ልክ ደምሬ፣
ለሦስት አካፍዬ ሰፋሁ፤ ዕዳው አለ እስከዛሬ።

ቀረ ዋና ጸሐፊው። ሳህር ንጋውጃ።
ስለሱ ምን ልበል? እንጃ፣ ልጆቼ፣ እንጃ።»

እዚህ ላይ አቆምኩኝ፤ ሳቁ፣ አጨበጨቡ፤
ያልተናገርኩትን ቀበረው ዝናቡ።

የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ በነበረ ጊዜ፣
ቦካሪን፣ የእኅቴን ልጅ፣ ከሶ ጣለብኝ ትካዜ።
የመብራት ኃይል ሽቦ፣ አሥራ አንድ ሜትር መዳብ፤
ሰርቋል፤ አልክድም እኔ፤ እናቱን ይዟት ረኃብ።
ሁለት ዓመት ፈረዱ። በማግስቱ ማልዶ፣
ንጋውጃ ሱቄ መጣ፣ እጅጌው ተቀድዶ።
አያውቀኝም እሱ፤ እኔ ነኝ የማውቀው፤
ሰፋሁለት፣ ተኮስኩት፣ ሲሄድም መረቅሁት፤
ኮሌታው ውስጥ ግን ስፒል ቀበርሁ፣ አንገቱን እንዲያውቀው።

አፍሬ ነበረ። ሌሊት አልተኛሁም።
ተመልሶ አልመጣም፤ እኔም አልጠየቅሁም።
ቦካሪ ተፈታ፤ ሱቄ ቁልፍ ይተክላል፤
ካባ ሲመጣ ግን ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ግብዣው አልቆ ሁሉም ሲበተን በጃንጥላ፣
መጣ ንጋውጃ፣ ቆመ ከእኔ ኋላ፤
መዳፉን ዘረጋ፦ ዝገት የበላት ስፒል።
«አምስት ዓመት ወግታኛለች፣ ‹ይቀጣልኝ› ስል።
ሰፊ ስፒል አይረሳም፤ ጠየቅኩና አወቅኩህ፤
ማውጣት አላቃተኝም፤ ‹ትኑር› አልኩና ተውኩህ።
ዛሬ ግን ወደቀች፣ ስምል፣ በሹመቴ ለት፤
አሁን ነው የምትፈለግ፤ ላንሳና፣ መልሰህ ስካት።»

አገላብጬ አየኋት። «ይቺስ በቃት፤ ነገ ና፤
የሹም ካባ ወፍራም ነው፤ ረዘም ያለ አለኝና።»