ቤት የማይመታ

መጀመሪያ ድንቢጥ መሰለችኝ፤
ሸሚዜ ውስጥ ገብታ መውጫው የጠፋት።
አሥራ አንድ ቁጥር ትራም ይዤ ወደ ባሕሩ ስወርድ፣
የጎተንበርግ ካፊያ መስታወቱን ሲያዥጎረጉር፣
ክንፏን መታች፣ መታች፣ መታች፤
ፍሬኑን ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

«ስንት ደቂቃ ቆየብህ?» አሉኝ።
ትራሙ የአራት ደቂቃ መዘግየት መዝግቧል፤
የእኔን ማን መዘገበው?

መንጃ ፈቃዴ ታገደ፤ በትሕትና፣ በፖስታ።
ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ሰው በሚነዳው ተሳፈርኩ፣
ሌላ ሰው በደወለው ደወል ደነገጥኩ።

ዶክተር ሲግኔ ሀልቫርሶን ወረቀቱን ዘረጋችው፤
ተራራ፣ ሸለቆ፣ ተራራ፣ ሸለቆ።
ጣቷ አንድ ዳገት ሥር ቆመ።
«እዚህ ጋ መወጣጫው ቀደም ብሎ ይጀምራል።
ስትወለድ ጀምሮ የተደረበ መንገድ አለህ፤
ምቱ ተራውን ሳይጠብቅ በዚያ ያቋርጣል፣
ዞሮ ይመጣል፣ ይዞራል፣ ይዞራል።»
ሐዲድ ሳትል ሐዲድ ገባኝ፤
ሥራዬ ነውና።
አርባ ሦስት ዓመት ልቤን ልብ ሳልለው፣
እናቴ ሆድ ውስጥ የተነጠፈ መስመር፣
ፌርማታ የሌለው።

ማታ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ፤
«ልብ ባለ አራት ክፍል ቤት ነው» ስትለኝ ሳቅሁ።
ቤቱስ አለ፤
ቤት አልመታ ያለው እሱ ነው።
ልተረጉምላት አልቻልኩም፤
በስዊድንኛ ቤት፣ ጣሪያ ያለው ብቻ ነው።

አልጋው ይቀዘቅዛል።
በብሽሽቴ ሦስት ቀጫጭን ሽቦ አስገቡ፤
ነርሷ ሚርሳዳ የካልሲዬን ቀዳዳ አይታ
ምንም ሳትል ሸፈነችልኝ።
«አሁን ሆን ብለን እናስነሳዋለን፣» አለች ዶክተሯ ከመስታወቱ ወዲያ፤
የተኛ እባብ በእንጨት እንደ መነካካት።
ሮጠ። መቶ ዘጠና። ሁለት መቶ አሥር።
ደስ አላቸው!
በሕመሜ የተደሰተ ሰው አይቼ ያልተቀየምኩት
ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ መድኃኒቱ። «ደረትህ ይከብድሃል፣
ለጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ አትፍራ።»

ዝም

አለ።

እዚያ ክፍተት ውስጥ ምን እንዳየሁ አትጠይቁኝ፤
ብርሃን አልነበረም፣ አባቴም አልመጣም፤
ዝናብ የመታው ባዶ ፌርማታ ነበር፣
እኔም ቆሜበት።

ከዚያ እሳት፤ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጥ ጫፍ፣
ስድስት ሰከንድ።
መወጣጫው ከወረቀቱ ጠፋ።
«ሄደ፣» አለች ሚርሳዳ፣ በሹክሹክታ፣
የሚሰማ እንግዳ ያለ ይመስል።

በሳምንቱ፣ ሌሊት፣ ጆሮዬን ትራሱ ላይ ጣልኩት፤
ተራውን ጠብቆ ሲረግጥ ሰማሁት፤
እንደ ቀላል ነገር፣ እንደ ሰው እርምጃ፣
ሳይሮጥ፣ ሳይጠየቅ፣ ሳያሻው ማስረጃ።

ቤት መታ።

ሲነጋ ግን ድንቢጧን ፈለግኳት፤
ሸሚዜን ከፍቼ፣ እንደ ሞኝ፣ በመስታወት።
ትንሽ ጠባሳ እንኳ ደረቴ ላይ የለም።
በመስኮቱ ሥር
አሥራ አንድ ቁጥር በሰዓቱ አለፈ።