ከሸራው ጀርባ

ሳቂ፣ ሳኒካ፣ ሳቂ፤ እኔም አብሬሽ ልሳቅ፣
የዘንዶው ጀርባ ላይ ዚፑ ሲብረቀረቅ፣
የሺህ ዘመን ንጉሥ ዙፋን ላይ ሲወጣ
የእጅ ሰዓት አስሮ ወደ ችሎት ሲመጣ፣
ከግንቡ በስተላይ፣ በጠራው ሰማይ
ጭስ እየጎተተ አውሮፕላን ሲታይ።
ፈረሱን ያበረረው ክር ነው፤ አይቻለሁ።
ተራራው ካርቶን ነው፤ ሲደገፉት ይርገበገባል፤ አውቃለሁ።
ልዕልቲቱ ሞታ ሕዝቡ እርሙን ሲያወጣ
ሬሳዋ አስነጠሰ፤ ማንም አልተቆጣ።
እኛም ከወዲያ ማዶ፣ ሴቶቹ በሞላ፣
«ይማርሽ!» አልናት፣ ከሞተች በኋላ።

ግን ቆዪ፤ አቁሚልኝ። ስልክሽን አስጠጊው።
ይህ ሰውዬ እዚህ ጋ ሰይፉን የመዘዘው
በየትኛው እጁ ነው?
«በቀኙ። ምነው?»

እንዲያ አይደለም ነገሩ።
አገዳው ተቆርጦ ሜዳው ሲራቆት፣
የስኳር ፋብሪካው ጭስ ሲቀር እንደ ዘበት፣
ዳጋዱ ይመጣል፣ ሁለት በሬ ጠምዶ፣
ማሽን፣ ሞተር፣ ድንኳን ባንድ ጋሪ አዋህዶ።
ከክሪሽና ወንዝ ዳር ድንኳን ይተከላል፣
ነጭ ሸራ መሐሉ ላይ እንደ አጥር ይወጠራል፤
ወንዶቹ ከፊቱ፣ እኛ ከጀርባው።
ለነሱ አራት አና፣ ለኛ ሁለት ነው ዋጋው፤
የዓለም ግልባጩ በግማሽ ይሸጣል፤
ፊደሉም ለኛ ሲደርስ የኋሊት ይሮጣል።
ከመሐላችን ፊደል የቆጠርኩ እኔ ብቻ ነኝ፤
እኔንም የኋሊት መሄዱ አልከፋኝ።
ዳጋዱ አንዳንዴ ጥቅሉን አሳስቶ ለማሽኑ ሲያጎርሰው
የተቀበረ ንጉሥ ሠርግ ይደግስ ነበር ለሰው።

እኔ ደግሞ፣ ልጄ፣ ግራኝ ነበርኩ ያኔ።
እናቴ እራት ላይ እጄን በሻሽ ታስር ነበር ከጎኔ፤
«በዚህ አይበላም፣ በዚህ አይሰጥም» ትላለች፤
አክስቴ ቫትሳላ «ማን ያገባታል?» ብላ ታለቅሳለች፤
መምህር ካዳምም በማስመሪያው ጠርዝ
ጣቶቼን ይመታል፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ።

አንድ ምሽት እንግዲህ፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ፣
ዘንዶው ከገደሉ ብቅ ሲል ትንፋሼን ዋጥኩ፤
ጀግናው ቆመ፤
ካባውን ጣለ፤
እጁን ወደ ሰገባው ሰደደ፣
ግራውን!
በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ንጉሥ እያየው፣
ማንም በማስመሪያ ጣቱን ሳይመታው።

በማግሥቱ እራት ላይ ሻሹን ፈታሁት፤
የማሽላ ቂጣዬን በግራ ቆረስኩት።
ተመታሁ? ተመታሁ። ግን ያ ሌላ ምት ነው፤
ጀግና የሚመታው።

አሁን አንቺ መጥተሽ፣ ጠርቶ፣ ተወልውሎ፣
ጭረቱ ተፍቆለት፣ ቀለሙ ተስተካክሎ፣
«ይኸው የልጅነትሽ ፊልም» ብለሽ ያሳየሽኝ
የወንዶቹን ወገን ነው።
ክሩም፣ ዚፑም፣ ካርቶኑም አላስቀየሙኝ፤
እነሱማ ዘመዶቼ ናቸው፣ ከነጉድፋቸው።
ይህ ቀኝ እጅ ነው የከፋኝ።

ሳኒካ ዝም አለች።
ተነሥታ ሄደች ወደ ቁም ሣጥኑ፤
በኮኮናት ዘይቱ ጠርሙስ ስልኩን ደግፋ አቆመችው፣
ፊቱን ለመስታወቱ፣ ጀርባውን ለኛ፤
እኔንም እጄን ይዛ አልጋው ጫፍ አስቀመጠችኝ።

ፊደሉ የኋሊት ሮጠ።
ዘንዶው ከነዚፑ ወጣ።
ጀግናው በግራው መዘዘ።
አላለቀስኩም፤ ኦቾሎኒ ቢኖር ግን እበላ ነበር።
ልዕልቲቱ ሞተች፤ ሕዝቡ እርሙን አወጣ፤
ሬሳዋን ሊያስነጥሰው አፍንጫው ሲቆጣ፣
አፌን ሳልከፍት ገና፣ ልጅቷ ቀድማኝ፣
«ይማርሽ!»