ደንገጎ ላይ

ከዚራ ዛፍ ጥላ፣ ቁልፉን ሲያስረክበኝ፣
«ሙሽራ ናት» አለ ሞላልኝ ደላላው፣ ሻይ እንኳ ጋበዘኝ።
ነጭ ዲኤክስ ነች፣ ፀሐይ የጠገበች፣
በስቱኮ፣ በቀለም፣ ዕድሜዋን የደበቀች።
ኮፈኗን ሲከፍተው፣ ከውስጥ ከቆርቆሮው፣
ሁለት ጭረት አየሁ፣ ሚስማር የቦጫጨረው።
«ምንድን ነው?» ስለው፣ «የፋብሪካ ቁጥር!» አለኝ ሳይጨነቅ፤
እኔ መጋረጃ ሰፊ፣ ስለ ብረት ምን ላውቅ?

ስምንት መቶ ሺህ ብር።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከከፊራ ሱቄ፣
በሜትር ቆርጬ፣ በመርፌ ጠቅጥቄ፣
የሰው መስኮት ሁሉ፣ ከፀሐይ ጋርጄ፣
ራሴ ግን ፀሐይ ላይ፣ ቀን ሙሉ ነድጄ።

ሜዳ ላይ ጨዋ ነች። ሳቢያን ደርሳ መጣች፣
ገንደ ቆሬ ገባች፣ ደቻቱን ተሻገረች፣
እንደ ቤት ልጅ ጭምት፣ ድምጿም አይሰማ፤
ድሬ ሜዳ ናትና፣ ሜዳ ላይ ማን ይታማ?

ሐረር ጨርቅ ላደርስ፣ የወጣሁ ዕለት ግን፣
ደንገጎ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣
መጀመሪያ በእንፋሎት፣
ቀጥላ በጩኸት፣
ከዚያ ዝም አለች።
ዝንጀሮ እንኳ ቆሞ፣ እያየ ታዘበኝ፤
መንገድ ዳር የነበረ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ፣ ከገደል አዳነኝ።

መካኒኩ ቢያየው፣ ቴስታዋ ተሰንጥቋል፤
«ዘይቱን አወፍሮ፣ ሕመሟን ሸፍኗል፤
ይቺ ማንቆርቆሪያ፣ መኪና ናት?» ብሏል።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩኝ።
«ወንድሜ» አለ ሞላልኝ፤ «ሊብሬው ባንተ ስም ዞሯል፤
ውሉ ‹ባለችበት ሁኔታ› ይላል፣ ፊርማህም ተቀምጧል።
የተሸጠች መኪና፣ የተዳረች ልጅ ነች፤
ብታመም፣ ብትሞት፣ የባሏ ጣጣ ነች።»

አልጮህኩም። በዚህ ሙቀት መጮህ፣ ላብ ብቻ ነው ትርፉ።
«ና ግባ» አልኩት፤ «መሪው በኔ እጅ፣ አንተ ጎኔ ሁን፤
ሐረር ካደረሰችን፣ የኔው ሚስት ትሁን።»

ሳቀና ገባልኝ። ሜዳውን አፏጨ፤
ሁለተኛው ኩርባ ላይ፣ ፉጨቱ ተቋጨ።
መርፌ አውቃለሁ እኔ። የሙቀት መርፌዋን፣ በዐይኔ ስከተል፣
ቀዩን መሥመር ሳትነካ፣ የሞላልኝ እጅ
ወደ በሩ እጄታ፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ አየሁት።

ሦስተኛው ኩርባ። እንፋሎት።
ሳይነገረው ወረደ፤ ያንን ትልቅ ድንጋይ
ሳይፈልግ አነሳ፤ ከጎማው ሥር ጣለ።
እኔ ድንጋዩን መቼ ነገርኩት?

ከኩርባው ባሻገር፣ ለጋለ ሞተር ውሃ የምትሸጥ ልጅ፣
ሚስኪ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት፣
ቢጫ ጀሪካኗን እየጎተተች መጣች።
እኔን አላየችኝም።
«ኦቦ ሞላልኝ!» አለች፤ «ዛሬም ይቺው መኪና?
እንደ በፊቶቹ ሰዎች፣ ሁለት ጀሪካን ይበቃል፣ ወይስ ሦስት ላምጣና?»

ተራራው ዝም አለ።
ሞላልኝ ኪሱን ዳሰሰ። ለውሃው ከፈለ፣ መልስ አልተቀበላት።
ውሃው ከታች ሲፈስ፣ ላቡ ከግንባሩ፣
አብረው ያንጠባጥባሉ፣ ሻጭና ራዲያተሩ።

ሞተሯ ሲበርድ፣ ቁልቁል ተመለስን፣ ቃል ሳንለዋወጥ።
ባንኩ ሳይዘጋ፣ ገንዘቤን አወጣ፦ ሰባት መቶ ሰማንያ።
«ሃያዋስ?» ስለው፣ «የስም ማዞሪያ» አለ፣ ዐይኑን ሰብሮ ወደ ጫማዬ።
ተውኩለት።

ቁልፉን ሳልሰጠው ግን፣ «በርዶ እንደሁ ልየው» ብዬ፣
ኮፈኑን ከፈትኩ። ሸራ የምወጋበትን፣ ወፍራሙን መርፌዬን
ከኪሴ አወጣሁ።
ከሁለቱ ጭረት ጎን፣ ከማላውቃቸው ሰዎች፣ ከወንድሞቼ ፊርማ፣
ሦስተኛውን ጫርኩ።

ቃል ልጽፍ ነበረ፣ «ሜዳ ላይ አትመናት» ብዬ፤ ቦታው ግን ጠበበኝ።
አራተኛው ሲመጣ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «ምንድን ነው?» ሲል እንጃ፣
«የፋብሪካ ቁጥር!» ይለዋል ሞላልኝ።