ሣጥን ሁለት መቶ አሥራ አራት

ሂልካ ድንጋይ ታነባለች፣ መብራቷን አዘቅዝቃ፣
ከፊንላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ጓንቷን አውልቃ።
አራት መቶ ሜትር ከታች፣ በመሰርሰሪያ የተሳበ፣
ክንድ የሚያህል ግራናይት፣ ከሣጥን ውስጥ ተረበረበ።

«ይሄስ ነጩ መስመር?» አላት፣ አዲሱ ልጅ ኢልማሪ፣
ፔርሙዙን እንደያዘ፣ ሁሉ ብርቁ ጀማሪ።
«ቁስል ነበር ድሮ፤ ካልሳይት ገብቶ ሞላው፤
ጠባሳ አያሰጋም፣ ለዛሬም ለኋላው።»

ከዚያ ጣቷ ቆመ።

ፀጉር የማታስገባ፣ ስንጥቅ ብጤ አለች፤
ጠርዝ ጠርዟ በዝገት፣ ቡናማ ለብሳለች።
ዝገት ማለት ውሃ ነው፤ ውሃ ማለት መንገድ፤
እያሳሳቀ ነው እሱ፣ ድንጋይም ቢሆን የሚወስድ።

«አንዲት ብቻ ምን ታመጣ?»
«ብቻዋንማ ምንም። ግን ጎረቤት ብታገኝ፣
ያቺም ሌላ፣ ያቺም ሌላ፣ እጅ ለእጅ ቢያያዙ፣
ጠብታውን ያደርሱታል፣ ቀስ እያሉ፣ እያዋዙ።»

የሬአክተር ነዳጅ ነው፣ ነዶ ነዶ ያልበረደ፣
መቶ ሺህ ዓመት ይተኛ፣ ተብሎ አንዴ ተፈረደ።
እርሳሷን አነሳች፦ «ጉድጓድ ሠላሳ አንድ፣ አይሆንም።»
የሁለት ዓመት ልፋት ነው፤ እጇ ግን አልዘገየም።

ማታ ወደ ደሴቷ፣ ባሕሩ ረግቶ እንደ ሜዳ፣
በረዶው ጧ ጧ ይላል፣ በላዩ ስትነዳ።
ፍጥነቷን አልቀነሰችም።
ከበረዶ የምትሻው፣ እስከ ቤቷ ብቻ ነው።