ስንት ናት?

ማስተዋል ሰባቷን የደፈነች ለታ
ኬክም አልፈለገች፣ ጫማም አልጠየቀች፤
«ርግብ» አለች ብቻ፤ «ነጭ፣ ሁለት» አለች።
ብሬን አጥፌ ይዤ፣ ገና በማለዳ፣
ከቤት ተጣድፌ ወረድኩኝ አራዳ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሞባይል ጠጋኝና በጫማ ሻጭ መሐል፤
የሽቦው ሳጥን ከወለል እስከ ጣሪያ ተደራርቧል፤
የላይኛው ርግብ በታችኛው ራስ ላይ ኩሱን ይጥላል፤
ባለሱቁ ሙላው ሬዲዮ ከፍቶ ኳስ ያዳምጣል።

«ጤነኛ ናቸው ወይ?»
«እንደ ድንጋይ!»
«ዕድሜያቸውስ?»
«ለጋ።»
«ከየት መጡ?»
«ከአገር፤ ከደጋ።»
«ወንድና ሴት ናቸው?»
«ሲጋቡ ይለያል፤ ይምሽና ይንጋ።»
ዋጋውን ብቻ ነው አስረግጦ ያወቀ፤
እሱንም ስከራከር ሁለት ጊዜ ሳቀ።

ክንፋቸውን ዘርግቶ በመቀስ ቀጭ ቀጭ፤
«እንዳይበሩ ነው» አለኝ፤ «አያማቸውም።»
ላባው ከወለሉ፣ ከሲጋራ ቁራጭ ጋራ ቀረ፤
ጥንዱ ካርቶን ገባ፣ ካርቶኑ በሲባጎ ታሰረ።

በእርግብ በር ሳልፍ፣ ከግንቡ አናት ላይ
የማንም ያልሆኑት ተሰብስበው ሲያጉተመትሙ፣
ካርቶኑ ውስጥ ያሉት መቧጨር አቆሙ።

በሦስተኛው ቀን የአንዷ ጉሮሮ አበጠ፤
የሰጠናት ማሽላ እንዳለ ተቀመጠ።
በአራተኛው ጠዋት ልጄ ዳብሳት ዳብሳት
«አባዬ፣ በርዷታል» አለች።
ከሎሚው ሥር ቀበርናት።

ሱቅ ተመለስኩ። ሙላው ከወንበሩ ሳይነሳ
«ተሽጦ የወጣ አይመለስም» አለኝ።
ይቺን ቃል ያዙልኝ።

የቀረችውን ክረምቱን ሙሉ ቀለብናት፣
ስንዴ ከመዳፋችን፣ ሲገኝም ምስር።
የተቆረጠው ላባ በተራ በተራ ወለቀ፤
አዲሱ በቀለ፣ ክንፏ ተጠናቀቀ።
መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት
ከቆርቆሮው ተነሥታ ሰፈሩን ሁለቴ ዞረች፤
ከዚያ ወደ ቀሐ ማዶ፣ አድራሻ እንደያዘ ሰው፣
ቀጥ ብላ ሄደች።

በእግር ተከተልናት፣ ያገኘነውን ሁሉ እየጠየቅን።
አንዱ ሳቀብን። አንዲት ጎመን ሻጭ ግን
«ነጭ ከሆነችማ የጋሽ ጥጋቡ ናት» አለችን።

ጋሽ ጥጋቡ ጡረተኛ ናቸው፤
ሠላሳ ዓመት የየሰዉን የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ የኖሩ።
ዛሬም ደብተር ይዘው ርግብ ይቆጥራሉ፦
ይቺ መቼ ጣለች፣ እነማን ፈለፈሉ፣ ማን ከማን አደሩ።
የኛዋ ከቆጡ ጫፍ፣ ከአንድ ግራጫ ጎን
ተለጥፋ ተቀምጣለች።
«አሥራ ሰባት» አሏት። «በጥምቀት ማግሥት ሌሊት
ቆጤን ሰብረው ወሰዷት፤ ይኸው መጣች።»

የገዛሁበትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም።
«አንተ ገዛህ፤ እኔ አልሸጥኩም» አሉ፤
ሌላ ቃል አልጨመሩም።

«እንግዲያ ሌላ ይሽጡልን» ስል
እሳቸው ጀመሩ መጠየቅ፦
ድመት አላችሁ ወይ? ጎረቤታችሁስ?
መስኮታችሁ ወዴት ይዞራል?
አገር ቤት ስትሄዱ ውኃ ማን ያስቀምጣል?
ሲመሽ ማን ይቆጥራቸዋል?
ሙላውን ያልጠየቅሁት ሁሉ ዞሮ እኔው ላይ መጣ።
ማስተዋል መለሰች፤ ከኔ ቃል አልወጣ።

«ትልቅ አልሸጥም» አሉ። «ሰማይ ያየ ርግብ
ብትሸጠውም ይመጣል፤
ብሩንም ወፉንም ብወስድ፣ ያው ስርቆት ይሆናል።
ሁለት እንቁላል አለ፣ የትናንት።
ለመፈልፈል አሥራ ስምንት ቀን፣
ከዚያ አንድ ወር ከእናቱ አፍ።
ክንፉ ሳይጠና ውሰዱት፤
የመጀመሪያ ጣሪያው የናንተ ይሁን።»
«ዋጋውስ?»
«ያኔ እንነጋገራለን።»
ደብተሩን ለልጄ ሰጧት፤ ስሟን ራሷ ጻፈች፣
«ተ»ን ገልብጣ።

አሁን ከበሩ ጀርባ በእርሳስ ታሰምራለች፤
ዘጠኝ ደርሳለች።

ትናንት በአራዳ ስናልፍ ሙላው ጠራን፤
«ነጭ ገብቷል! ኑ እዩ!»
እግሯ ላይ የወለቀ ቀለበት ፈለግ አለ፣ ቀይ።
«ከየት መጣች?» አልኩት።
«ከአገር» አለኝ፤ መቀሱን አነሣ።

ማስተዋል ሽቦውን ይዛ፣ ወደ ውስጥ አጎንብሳ፣
«ስንት ናት?» አለችው።
ቁጥሯን ነበር የጠየቀች።
እሱ ዋጋዋን ነገራት።